ፊልም የሚያሰነብት ዩኒቨርሲቲ

በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ፣ እንዳየሱስ፣ የጣሊያን ምሽግ ፍርስራሽ አለ። በ1888 ዓ.ም. ሻለቃ ጋሊያኖ ከነጦሩ እዚያ ተከቦ፣ እቴጌ ጣይቱ ምንጩን አስይዘው በውኃ ጥም ሲያስጨንቁት፣ በዚያው ሰሞን ፓሪስ ውስጥ የሉሚዬር ወንድማማቾች ገንዘብ ከፍሎ ለገባ ተመልካች ተንቀሳቃሽ ምስል ማሳየት ጀመሩ። ከበባውን የሚቀርጽ ካሜራ እንግዲህ ከየት ይመጣል? በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ዳግም መጥቶ መቀሌን ሲይዝ ግን የጣሊያን መንግሥት የፊልም ድርጅት የሆነው የሉቼ ተቋም ፊልም አንሺዎች ከጦሩ ጋር ነበሩ፤ ያነሱት ዛሬም ሮም ተቀምጧል። ኬንያዊው መሐመድ አሚን በ1977ቱ ረሃብ ኮረምና መቀሌ ላይ ቀርጾት በቢቢሲ ዓለምን ያስደነገጠው ፊልምም የሌላ አገር ንብረት ነው። የመቀሌ ልጅ የከተማውን የድሮ መልክ ልይ ቢል የሰው ደጅ ይጠናል።

ይህ ነገር ስለሚቆረቁረኝ ነው ሎስ አንጀለስ ያለውን የዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ የፊልምና የቴሌቪዥን ቤተ መዛግብት ላስተዋውቃችሁ የፈለግሁት። እ.ኤ.አ. በ1965 የቴሌቪዥን ሥራዎችን ለማስቀመጥ ተጀመረ፤ ኋላ ፊልም ጨመረ። ዛሬ በአሜሪካ ከኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ቀጥሎ ትልቁ የተንቀሳቃሽ ምስል ክምችት የሱ ነው። ሆሊውድ ጎረቤቱ ስለሆነ የዝነኞቹን ፊልም ማግኘቱ አያስገርምም። እኔን የሚማርከኝ የራሱን ተማሪዎች ሥራ ፈልጎ ያተረፈበት ታሪክ ነው።

ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱ የጎንደሩ ኃይሌ ገሪማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከቻርልስ በርኔት፣ ከጁሊ ዳሽና ከሌሎች ጥቁር ተማሪዎች ጋር በትንሽ ገንዘብና በትውስት ዕቃ ፊልም ይሠሩ ነበር። የኃይሌ «አወር ግላስ» በ1971፣ «ቻይልድ ኦፍ ሬዚስታንስ» በ1972 ተሠሩ፤ ቀጥሎ «ቡሽ ማማ» መጣ። የ«ቡሽ ማማ» መክፈቻ ላይ ፖሊሶች ሰዎችን አስቁመው ሲፈትሹ ይታያል። ትወና እንዳይመስላችሁ፤ የተፈተሹት የፊልሙ ሠራተኞች ራሳቸው ናቸው፤ ካሜራው እየሠራ ነበርና ተቀረጸ። ኃይሌ ንጉሡ ሊወርዱ በተቃረቡበት ክረምት አገሩ መጥቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ያነሳውም በዚያው በተማሪነቱ ዘመን ነው።

የተማሪ ፊልም አትራፊ ስላልሆነ ጠባቂ አከፋፋይ የለውም። አንዱ ቅጂ ከጠፋ ፊልሙ ጠፋ ማለት ነው። ቤተ መዛግብቱ ከዐሥርተ ዓመታት በኋላ ባለቤቶቹን እያፈላለገ፣ በየቤቱና በየመጋዘኑ የተረሳውን ጥቅል ሰበሰበ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 መጸው «ኤል ኤ ሪቤሊየን» በሚል ስያሜ ለሕዝብ አሳየ። ዛሬ አንድ ተማሪ ስለዚያ ትውልድ ጥናት ልሥራ ቢል ፊልሞቹን በዓይኑ አይቶ ነው የሚጽፈው።

ሥራው እጅ ላይ ሲታይ እንዲህ ነው። ባለሙያው ቆርቆሮውን ሲከፍት ከዓይን በፊት አፍንጫ ይፈርዳል፦ አቼቶ ከሸተተ የፊልሙ አሲቴት ገላ መበስበስ ጀምሯል። ሽታው ገና ካልተሰማ ደግሞ ትንሽ ሰማያዊ ወረቀት ቆርቆሮው ውስጥ ይቀመጣል፤ አሲድ ካለ ወደ አረንጓዴ፣ ሲብስ ወደ ቢጫ ይለወጣል። የታመመው ጥቅል ትነቱ አጠገቡ ያለውን እንዳይጎዳ ለብቻው ይወጣል። ፊልሙ ሲበሰብስ ስለሚኮማተር የጠርዙ ቀዳዳዎች ከማሽኑ ጥርስ ጋር አይገጥሙም፤ በግድ ካለፈ ይቀደዳል። ስለዚህ በእጅ ቀስ እያለ ይጠቀለላል፣ የተቀደደው ይጠገናል፣ ይጸዳል፣ ከዚያ በኋላ ነው በዲጂታል የሚቀዳው ወይም ወደ አዲስ ፊልም የሚታተመው። ዋናው ጥቅል ተቀዳ ተብሎ አይጣልም። ቅዝቃዜ መበስበሱን ስለሚያዘገየው ቀዝቃዛና ደረቅ ክፍል ይገባል። የበርኔት «ኪለር ኦፍ ሺፕ» እ.ኤ.አ. በ1977 በ16 ሚሊ ሜትር የተሠራ የመመረቂያ ፊልም ነው፤ ቤተ መዛግብቱ ወደ 35 ሚሊ ሜትር አሳድጎት በ2007 ሲኒማ ቤት ገባ።

ማሳያ አዳራሹ ቢሊ ዋይልደር ቲያትር ይባላል። እኔ ይህን ክፍል ከማቀዝቀዣው መጋዘን አላሳንሰውም፤ ሰው አይቶ ያልጠየቀበት ፊልም ለጥገናው በጀት የሚሟገትለት አያገኝም።

መቀሌ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢቋቋም መነሻው ካሴት መሆን አለበት ባይ ነኝ። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የሠርግ፣ የአሸንዳ፣ የምረቃና የስብሰባ ቪኤችኤስ አለ፤ በየስልኩ ደግሞ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የተቀረጸ። ከተማዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ነፋሻ፣ ከክረምት በቀር ደረቅ ነው፤ ይህ ይረዳል። አቧራው ግን ለቴፕ ጠላት ነው። ከሁሉ የሚያጣድፈው ማጫወቻው ነው፦ የመጨረሻው የቪኤችኤስ ማጫወቻ አምራች ሥራውን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ስለዚህ ከመደርደሪያም ከአዳራሽም በፊት የሚሠሩ ማጫወቻዎችን ከየጥገና ቤቱ መግዛት፣ ጠጋኙንም መቅጠር ይቀድማል። አብሮም ካሴቱን ያመጣው ሰው ተቀምጦ፣ ምስሉ ላይ ያሉት እነማን እንደሆኑ፣ የት ሰፈር፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተቀረጸ እየነገረ ሊመዘገብለት ይገባል።