«አባዬ፣ አፍሪካ ለሁለት ልትሰነጠቅ ነው?»



ሰሞኑን አንድ ተማሪያችን ገና ሳይቀመጥ «ቲቸር፣ አፍሪካ ለሁለት ልትሰነጠቅ ነው አሉ፤ እውነት ነው?» አለን። ቪዲዮ አይቶ ነው። ማታ አባቱንም ጠይቆ ነበር። እሱ በጣሊያንኛ ጠየቀ፤ አባቱ በአማርኛ ጀመሩለት፣ መሀል ላይ ግን መግባባት አቃታቸው። መጨረሻው «በል ተወው፣ እራትህን ብላ» ሆነ።

ይህ በብዙዎቻችን ቤት ያለ ነገር ነው። «ብላ፣ ታጠብ፣ ተኛ» በአማርኛ እንላለን። ልጁ የሚገረምበት ነገር ግን በጣሊያንኛ፣ ከጓደኛው ጋር ይወራል። እንዲህ እያለ ከልጃችን ጋር የምናወራው እያነሰ ይሄዳል። እስቲ በዚህ እትም ለዚያ ልጅ ጥያቄ አብረን መልስ እንፈልግ።

ነገሩ የሆነው በአፋር፣ ደባሁ በሚባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ ነው። መስከረም 1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) መሬቱ ደጋግሞ ተንቀጠቀጠ። መስከረም 16፣ ልክ በደመራ ዕለት፣ ዳዑሬ በተባለ ቦታ መሬት ተከፍቶ አመድ ወጣ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሄሊኮፕተር ወደ ስፍራው ሄዱ። ያዩትን የነገሯቸው የአካባቢው አርብቶ አደሮች ናቸው፤ አመዱ ለሦስት ቀን ሰማዩን እንዳጨለመው አስረዷቸው።

በዚያው ዓመት በዲሴምበር፣ የአሜሪካ ጂኦፊዚክስ ማኅበር በሳን ፍራንሲስኮ ባደረገው ጉባኤ ላይ የዶ/ር ደረጀ አያሌውና የባልደረቦቻቸው ሥራ ይፋ ሆነ፤ ዜናው ዓለምን ዞረ። ቅልጥ አለት ከሥር ገብቶ መሬቱን በ60 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ እስከ 8 ሜትር ስፋት ገፍቶ ከፍቶታል። ይህን ከለኩት መሣሪያዎች አንዱ ኤንቪሳት የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት ነው። የዚያ የጠፈር ድርጅት የመሬት ምልከታ ማዕከል ደግሞ የት እንዳለ ታውቃላችሁ? እዚሁ ፍራስካቲ፣ ከሰላም ፓላስ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ!

ታዲያ አፍሪካ ልትሰነጠቅ ነው? አዎ፣ ግን ነገ አይደለም። በአፋር መሬቱ በዓመት የሚራራቀው ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ነው። ልጆቹን «8 ሜትር የስንት ዓመት ነው?» ብንላቸው አስልተው «400!» አሉ። የ400 ዓመት ዕዳ በጥቂት ሳምንት እንደተከፈለ ቁጠሩት። እውነተኛ ውቅያኖስ እስኪሆን ግን ሚሊዮን ዓመታት ይፈጃል። ቪዲዮው የዘለለው ይህንን ነው።

በእንዲህ ዓይነት ትልልቅ ጉባኤዎች ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ጥናቶች ይቀርባሉ፤ ጋዜጠኛ ሁሉንም አይደርስባቸውም። ስለዚህ ለተመረጡት ጋዜጣዊ መግለጫ ይዘጋጃል። ሦስት አራት ተመራማሪዎች ጠረጴዛ ይዘው ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ ለጥቂት ደቂቃ በቀላል ቋንቋ ያስረዳል፤ ከዚያ ጥያቄ ይዘንባል። ምን ሆነ? በምን አወቃችሁ? ገና ያላወቃችሁትስ? እዚያ ለሚኖረው ሰው ምን ማለት ነው? አውሮፓ ውስጥም በየዓመቱ በጸደይ ቪየና ላይ በሚደረገው የጂኦሳይንስ ጉባኤ አሠራሩ ይኸው ነው።

እነዚህ አራት ጥያቄዎች ለቤታችንም ይበቃሉ። ልጃችሁ አዲስ ነገር ሰምቶ ሲመጣ አሥር ደቂቃ ስጡት፤ እናንተ ጋዜጠኛ ሁኑ፣ እሱ ወይም እሷ ያስረዱ። የጣሊያንኛ ቃል ጣል ቢያደርጉ አትቆጡ። አማርኛውን እናንተ አቀብሏቸው፦ ስምጥ ሸለቆ፣ እሳተ ገሞራ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ቅልጥ አለት፣ ስንጥቅ። ቃሉ ከጠፋባችሁም «እስቲ አብረን እንፈልገው» ማለት ነውር የለውም። ሊቃውንቱም ከአርብቶ አደሩ ጠይቀው ነው የተማሩት።

የፊታችን ቅዳሜ የትልልቆቹ ክፍል ስለ አፋር ስንጥቅ በአማርኛ ጋዜጣዊ መግለጫ ይሰጣል። ይህ ሕንፃ ድሮ የቶር ቬርጋታ ዩኒቨርሲቲ እንደነበረ ታውቃላችሁ፤ ለአንድ ከሰዓት ወደ ዩኒቨርሲቲነቱ እንመልሰው። ያ ልጅ ጠረጴዛው ላይ ከሚቀመጡት አንዱ ነው፤ አባቱም ከፊት እንደሚቀመጡ ነግረውናል። እናንተም ቢያንስ አንድ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ኑ። ቡናው ከእኛ ነው።