ጠርዙን አትቁረጡት

ጎንደር መጥተው የሚያገኙኝ ወጣት ፎቶ አንሺዎች መጀመሪያ የሚያሳዩኝ ምስል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ፣ ከመሐሉ ተቆርጦ፣ ፊትና ክንፍ ብቻ የሞላው። ኪሩቤሎቹ ጥርት ብለው ወጥተዋል፤ ቀለሙም ደምቋል። ያምራል፣ አልክድም። እኔ ግን የምጠይቃቸው ስለ ተቆረጠው ነው። ወራጁ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት የታለ? ማዕዘኑስ? ውሃ ነክቶት የጠቆረው፣ ቀለሙ የተላጠው ቦታ ወዴት ሄደ? «አያምርም ብዬ ተውኩት» ይሉኛል።

የምኖረው ቁስቋም ነው። ከፒያሳ ወደ ሰሜን ምዕራብ ዳገቱን ወጥቶ የሚገኝ ሰፈር ነው፤ እዚህ ያደገ ሰው ጣሪያ መጥፋት ምን እንደሆነ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። እቴጌ ምንትዋብ፣ ባለቤታቸው ዐፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ካረፉ በኋላ፣ ልጃቸውን ዳግማዊ ኢያሱን አንግሠው አገር ሲያስተዳድሩ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን የተከሉት እዚህ ነው። ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ መንግሥትና የግብር አዳራሽ ጎን ለጎን ሠሩ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ደርሶ በፈንጣጣ የታመሙ የእቴጌይቱን ቤተሰቦች ያስታመመው በዚሁ ግቢ ነበር። እቴጌይቱ እ.ኤ.አ. በ1773 አረፉ። ከመቶ ዓመት ጥቂት አልፎ፣ በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ቁስቋምም ነደደ። ዛሬ የምንሳለምበት ክብ ቤተ ክርስቲያን ከዚያ በኋላ እንደገና የተሠራ ነው። የእቴጌይቱ፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የዐፄ ኢዮአስ ዐፅም እዚያው በክብር ተቀምጧል።

ቤተ መንግሥቱ ግን ግድግዳው ብቻ ነው የቀረው። ቀላ ባለ ድንጋይ ተጠርበው ከግድግዳው ወጣ ያሉት መስቀሎች ዛሬም ይታያሉ፤ ከእነሱ በላይ ሰማይ ነው። ጎብኚ መስቀሎቹን ያነሣል። እኔ የማነሣው ወራጆቹ ይገቡባቸው የነበሩትን ጉድጓዶች ነው። ጉድጓዶቹን በጥሞና ያየ ሰው ፎቁ የቱ ጋ እንደነበረ፣ ወራጆቹ ምን ያህል ተራርቀው እንደተሰደሩ፣ እንጨቱ የቱን ያህል ወፍራም እንደነበረ ሊገምት ይችላል። ጠርዝ የሚነግረን ይህን ነው። በወራጆቹ መካከል ምን እንደነበረ ግን፣ ቀለም ይሁን ጨርቅ ይሁን የተጠረበ እንጨት፣ ጉድጓድ አይነግረንም። የእቴጌይቱ ሠዓሊዎች እጅ እንዴት ያለ እንደነበረ ለማየት የፈለገ ሰው ጣናን ተሻግሮ ደቅ ደሴት ወደሚገኘው ናርጋ ሥላሴ መሄድ አለበት። ናርጋንም ያሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ራሳቸውም በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለው ይታያሉ። የቁስቋሙ ነዶ የናርጋው ተረፈ።

በከተማው ውስጥ ጣሪያው የተረፈለት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። ደብሩን የተከሉት ዐፄ ኢያሱ፣ አድያም ሰገድ፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። የድርቡሽ ጦር ወደ ቅጽሩ ሲቀርብ የንብ መንጋ ተነሥቶ እንደመለሰው አባቶች ይናገራሉ። ያ ቀን ባያልፍለት ኖሮ፣ ዛሬ በየአገሩ መጽሔትና ፖስት ካርድ ላይ የሚታየው ጣሪያ እንደ ቁስቋሙ በወሬ ብቻ የሚነገር ይሆን ነበር። እዚያ ካሜራዬን ባስቀመጥሁ ቁጥር ይህን አስባለሁ፤ አሠራሬንም የሚወስነው ይኸው ሐሳብ ነው።

ሥራው የሚጀምረው በብርሃን ነው። ፍላሽ ክልክል ነው፤ ክልከላው ለሥዕሉ ጤንነት የተደረገ ነው፣ እኔም በሙሉ ልቤ እደግፈዋለሁ። ባይከለከል እንኳ አልጠቀምበትም። የፍላሽ ብርሃን ከሌንሱ አቅጣጫ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ስለሚመታ ሁሉን ነገር ጠፍጣፋ ያደርገዋል። ሁለተኛው የጎንደር አሣሣል የሚባለው፣ በምንትዋብ ዘመን የጎለመሰው፣ ፊትን በጥላ የሚያሞላ ነው፦ ጉንጭ ላይ ቀላ ያለ፣ ከአገጭ ሥር ቡናማ። ብልጭታ ሲያርፍበት ያ ሁሉ የሠዓሊ ልፋት ይጠፋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ያበጠውንና የተላቀቀውን መደበቁ ነው። ብርሃን ከጎን አዝግሞ ሲመጣ እብጠት ሁሉ ጥላ ይጥላል፤ ሥዕሉ የቱ ጋ እንደታመመ የሚያሳየው ያ ጥላ ነው።

ስለዚህ በር መምረጥ አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ዘንበል ስለምትል በደቡቡ በር የምትገባው በቀጥታ ነው። ወለሉ አንድ ቦታ ይነድዳል፤ የቀረው ቤት ከበፊቱ ይልቅ ይጨልማል። አንድ ዲያቆን «ጋሼ፣ ብርሃኑ እንዲበዛልዎ ደቡቡን ልክፈተው?» ብሎኝ ያውቃል። «አይ ልጄ፣ የሰሜኑ ይበቃናል» አልሁት። በሰሜን በር የሚገባው ከሰማይ የሚመጣ ለስላሳ ብርሃን ነው፤ ጥቂት ነው፣ ግን እኩል ነው። ለጥቂቱ ብርሃን ካሜራው ዓይኑን ብዙ ሴኮንድ ከፍቶ መቆየት ይችላል። ትሪፖዱ ይጠብቅ እንጂ፣ ሹተሩም በጣት ሳይሆን በሰዓት ቆጣሪ ይነሣ እንጂ፣ የካሜራውን የብርሃን ትብነት (አይኤስኦ) ከፍ ማድረግ አያስፈልግም።

ቀጥሎ የሚያታልለው ምንጣፍ ነው። ብርሃኑ በበሩ ገብቶ መጀመሪያ የሚያርፈው ወለል ላይ ነው፤ ጣሪያው የሚያገኘው ከወለሉ ተመልሶ የሚወጣውን ነው። ምንጣፉ ቀይ ከሆነ ቅላቱን ይዞ ይወጣል። የኪሩቤሎቹ ፊት ሠዓሊው ካሰበው በላይ ይቀላል፣ ነጩ ዓይን ሮዝ ይሆናል። ባለሙያ ያልሆነ ሰው «እንዴት ደምቋል!» ይላል፤ የደመቀው ምንጣፉ ነው። ለዚህ የሚሆነውን መድኃኒት ያገኘሁት ሥራ ላይ ሆኜ አይደለም፣ ቆሜ ሳስቀድስ ነው። ሕዝቡ ነጠላውን አጣፍቶ ቤቱን ሲሞላው ጣሪያው ይበራል፤ ነጩ ልብስ ብርሃኑን ወደ ላይ ይመልሰዋል፣ ፊቶቹም እውነተኛ ቀለማቸውን ያገኛሉ። ያ ቤት ሲሠራ የታሰበው ባዶውን እንዲታይ አይደለምና፣ ትክክለኛው ብርሃኑ የሰው ብርሃን ነው ብዬ አምናለሁ። አሁን ከደብሩ አስተዳዳሪ አስፈቅጄ፣ ቅዳሴ ካበቃና ሰው ከወጣ በኋላ፣ በበሩ ፊት ምንጣፉ ላይ ሰፊ ነጭ አቡጀዲ እዘረጋለሁ። ልዩነቱን ለማመን ማየት ያስፈልጋል።

ካሜራውን ሌንሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እንዲያይ ወለሉ ጋ ዝቅ አድርጌ፣ በግንበኛ ውኃ ልክ አስተካክዬ አቆመዋለሁ። በጣም ሰፊ ሌንስ ለዚህ ሥራ አልወድም። ጣሪያውን በአንድ ጊዜ ይጠቀልላል፤ ግን ጠርዝ ላይ ያሉትን ፊቶች ይለጥጣቸዋል፣ ቀጥ ያለውን ወራጅም ያጎብጠዋል። መካከለኛ ሌንስ ይዤ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ወራጅ በወራጅ፣ አንዱ ምስል በሌላው ላይ እየተደራረበ እንዲሄድ አድርጌ አነሣለሁ። እያንዳንዱ ተርታ ከግድግዳው ይጀምራል፣ በግድግዳው ያልቃል። ጠርዝ ሳይዝ የቀረ ተርታ እንደገና ይነሣል። ቁጥቋጦ የሚያህል ጠጉር ያለው ፊትም ሆነ ቀለሙ ረግፎ ዓይኑ ብቻ የቀረው ፊት እኩል ጊዜ ያገኛሉ። በዚህ አሠራር ሲታዩ ፊቶቹ አንድ ዓይነት እንዳልሆኑ ይገለጣል፦ ዓይኑ ወደ ቀኝ የዞረ አለ፣ ወደ ግራ የዞረ አለ፣ ቅንድቡ የከበደ አለ። ለፖስት ካርድ ተብሎ በተቆረጠው ምስል ላይ ይህ አይታይም።

ጠርዝ ላይ ለምን ይህን ያህል እንደምጸና ሌላም ምክንያት አለኝ። የጎንደር ሠዓሊዎች በብዛት የሠሩት በጥጥ ጨርቅ ላይ ነው፤ ጨርቁ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ጥበቡ ትልቅ ነው፣ ድካሙ ግን ከጠርዝ ይጀምራል። ውሃ የሚገባው በጠርዝ ነው፣ ጨርቁም መነሣት የሚጀምረው ከዚያው ነው። ሰውም የሚያነሣው ከጠርዙ ነው። ጎንደር ይህን በሚገባ ታውቀዋለች። ጻድቁ ዐፄ ዮሐንስ የተከሉት የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል በሚመራው የዳካር ጅቡቲ የፈረንሳይ ተልእኮ ከግድግዳ ተነሥተው ተወሰዱ፤ በምትካቸው ከተልእኮው ጋር የነበረው ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሠራቸው ቅጂዎች ተለጠፉ። ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። የጎንደር ልጅ የከተማውን ሥዕል ለማየት ቪዛ ይጠይቃል ማለት ነው። ይህን ስጽፍ ልቤ ይቃጠላል፤ መመለስ አለባቸው ብዬ ነው የማምነው። እስከዚያው ግን ከሙያዬ አንጻር የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። ጨርቁ ፓሪስ ቢኖርም፣ ከበሩ አናት ጋር የነበረው ልክ፣ ከጎኑ ካለው ሥዕል ጋር የሚገናኝበት መስመር፣ በቅዳሴ ሰዓት የሚያርፍበት ብርሃን አብሮት አልሄደም። ሙዚየም ውስጥ የተሰቀለ ሥዕል ጠርዙ የተቆረጠ ፎቶ ነው።

የዩኔስኮ ምዝገባም ቢሆን ጠርዝን የመመዝገቡን ሥራ እንደማይተካው አስተያየቴ ነው። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 ሲመዘገብ ቁስቋምና ደብረ ብርሃን ሥላሴም አብረው ገብተዋል፤ የፋሲል መዋኛም፣ ርቆ ያለው የጉዛራ ግንብም አለበት። ምዝገባው ለሕንፃው ክብር ይሰጠዋል። የሦስተኛው ወራጅ የግራ ጫፍ ባለፈው ክረምት ምን እንደሆነ ግን መዝገቡ አያውቅም። ያን የሚያውቅ አገልጋዩ ነው፣ ካልሆነም አዘውትሮ የሚያነሣ ፎቶ አንሺ።

ስለዚህ ያንኑ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ በዓመት ሁለት ጊዜ አነሣዋለሁ፦ በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ ከዚያም በመስከረም ማለቂያ፣ ወርኃ ጽጌ ሲገባ። የጎንደር ክረምት ቀላል አይደለም። ካሜራው በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሌንስ፣ በዚያው በር ይቆማል። ሁለቱን ምስሎች ኮምፒውተር ላይ አንዱን በሌላው ላይ ጥዬ እያበራሁ አጠፋዋለሁ። ያልተለወጠው ፀጥ ይላል፣ የተለወጠው ይንቀሳቀሳል። ጣት የምታህል ቡናማ ዳር ሰፍታ ስትገኝ ለአስተዳዳሪው ይነገራል፣ ጣሪያው ከላይ ይታያል። ከሥር ሆኖ በዓይን ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ለውጥ አይዘውም፤ ዓይን ቶሎ ይለምዳል።

ጎንደር ብቻ እንዳልሆነች ለመናገር ያህል፦ ላስታ ዋሻ ውስጥ የተሠራው የይምርሐነ ክርስቶስ የእንጨት ጣሪያ በጌጥ የተከፋፈለ ነው፤ እንደ ማንኛውም ጥንታዊ እንጨት ጥንቃቄ ይፈልጋል። የደብረ ዳሞ ጣሪያ ደግሞ በአራት ማዕዘን እንጨቶች ላይ አራዊት የተቀረጹበት ነው። የጀርመን የአክሱም ተልእኮ እ.ኤ.አ. በ1906 አገሩን ሲዞር ያንን ደብር በንድፍና በፎቶ መዘገበ፤ እንግሊዛዊው አርክቴክት ዴሬክ ማቲውስ ጥገናውን የመራው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። በሁለቱ መካከል ከአርባ ዓመት በላይ አለ። ዛሬ የምናነሣውን ምስል የሚፈልገው ሰው ገና አልተወለደ ይሆናል፤ ሲመጣ የሚጠይቀው ስለ ቀለሙ ድምቀት ሳይሆን ወራጁ በየት በኩል እንደነበረ ነው።

ጎንደር ውስጥ ሆኜ የማነሣውን ለማን እንደማስቀምጥ ያስተማሩኝ አንድ አረጋዊ መሪጌታ ናቸው። ምስሎቹን በፍላሽ ዲስክ ይዤላቸው ብሄድ «ልጄ፣ ይህን እኔ ምን ላድርገው? ወረቀት ላይ አውጣልኝና ከመጻሕፍቱ ጋር ይቀመጥ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ተርታ ይታተማል፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ፣ ሳይቆረጥና ቀለሙ ሳይደምቅ። አንዱ ቅጂ ዕቃ ቤት ይገባል፣ አንዱ እኔ ዘንድ ይቀራል። ከጀርባው ወሩና ዓመተ ምሕረቱ፣ የወራጁ ተራ ቁጥር ከምሥራቅ ተቆጥሮ፣ የተከፈተው በር፣ አቡጀዲው የተነጠፈበት ቦታ ይጻፋል። የሚጻፈው በእርሳስ ነው፤ የእስክሪፕቶ ቀለም እርጥበት ሲያገኘው ሊፈስ ይችላል።