የማታው ተማሪ መኪናውን የት ያቁም?

በጌጃ ሰፈርና በዙሪያው ስለ ካምፓስ ፓርኪንግ ሲነሳ መቅደም ያለበት ጥያቄ «ለየትኛው ተማሪ?» የሚለው ነው። እዚያው ልደታ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 በስዊድን ትብብር ሲቋቋም መኪና የሚነዳ ተማሪ ብርቅ ነበር። ዛሬም የቀን ተማሪ በአብዛኛው የሚመጣው በታክሲ፣ በአውቶቡስ ወይም በእግሩ ነው፤ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በልደታ በሚያልፈው ባቡር። መኪና ይዞ የሚመጣው ይበልጡን የማታው ተማሪ ነው፤ ከሥራ ወጥቶ፣ መንገዱ ተጨናንቆ፣ ለ12 ሰዓት ክፍለ ጊዜ የሚጣደፈው።

ቅሬታው የሚበረታውም ያኔ ነው። የቀኑ ሠራተኛ መኪና ገና ከግቢ ሳይወጣ የማታው ይገባል። ቦታ ያጣው መንገድ ዳር ያቆምና ትምህርቱን ሲከታተል ልቡ ስፖኪዮው ላይ ይሆናል። ስለዚህ ግቢው ስንት መኪና ይይዛል ብሎ መቁጠር የተማሪውን እርካታ አይነግረንም፤ በዚያ ሰዓት ስንቱ ክፍት ነው የሚለው ግን ይነግረናል። አሜሪካዊው የፓርኪንግ ተመራማሪ ዶናልድ ሹፕ ለመንገድ ዳር ማቆሚያ የሰጡት ልክ ከ100 ቦታ 15 ያህሉ ክፍት እንዲሆን ነው። አዲስ መጪው ሳይዞር የሚያቆመው እንዲህ ሲሆን ነው።

ታዲያ ግቢውን አስፋልት እናልብሰው? እኔ አልስማማም። አንድ መኪና 2.5 በ5 ሜትር ይይዛል፤ መተላለፊያው ሲታከል ወደ 25 ካሬ ሜትር ይጠጋል። በዚያ ላይ ወንበር ቢደረደር አሥራ አምስት ተማሪ ይማርበታል። መሬት እንዲህ በተወደደበት ልደታ ይህ ቀላል ዋጋ አይደለም፤ የሚከፍለው ደግሞ መኪና የሌለውም ተማሪ ነው።

የሚሻለው ያለውን ማስለቀቅ ነው። ሕንፃ ተከራይተው የሚያስተምሩ የግል ኮሌጆች ውል ሲፈርሙ ምድር ቤቱን ይዩ፤ ለመኪና ታስቦ መጋዘን ወይም ሱቅ የሆነ ምድር ቤት በአዲስ አበባ ብዙ ነው። የጎረቤት መሥሪያ ቤት ግቢም ሠራተኛው ሲወጣ ባዶ ያድራል፤ ለማታ ሰዓት ተዋውሎ መከራየት ይቻላል። ከዚያ እስከ ክፍል ያለው መንገድ ግን መብራትና ጥበቃ ይፈልጋል፤ በተለይ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ብቻቸውን ለሚወጡ ሴት ተማሪዎች።

የእርካታ መጠይቁም ቀን ቢሮ ውስጥ ከሚሞላ ማታ በር ላይ ቢሞላ ይሻላል። መኪና ያለው ቦታ ፍለጋ ስንት ደቂቃ እንደዞረ፣ የሌለው ደግሞ ታክሲ ስንት ደቂቃ እንደጠበቀ፣ ሁለቱም ይጠየቁ።