ከኋላ ወንበር ሥር የተነሣ ጭስ

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንድ አሮጌ መኪና ነው። ነገሩ የጋራዥ ወሬ ቢመስልም ልጆቹን በመኪና ይዞ የሚወጣ አባወራ ሁሉ ቢያነበው እንወዳለን።

መኪናዋ የአጎታችን ቮልስ ናት፤ በ1972 እ.ኤ.አ. የተሠራች። ይህች በጢንዚዛ ቅርጿ የምትታወቅ መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታ የመጨረሻዋ በ2003 እ.ኤ.አ. ከሜክሲኮ ፋብሪካ ወጥታለች። ከአዲስ አበባ ጎዳናዎች ግን ዛሬም አልጠፋችም።

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ከጁሙዓ ሶላት ስንመለስ አራት ልጆች ከኋላ ተደራርበው ተቀምጠው ነበር። የተቃጠለ ፀጉር የመሰለ ሽታ መጣ። ትንሹ ልጅ «ከሥሬ ይሞቀኛል» አለ። አጎታችን መኪናዋን ዳር አስያዙ፤ ልጆቹን አውርደን ወንበሩን ብናነሣው ጭሱ ፊታችን ላይ ቦነነ። አልሐምዱሊላህ፣ እሳት ገና አልሆነም ነበር።

የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው። ወንበሩ ደግሞ የብረት ሞላ ያለውና በጭረት የተሞላ ነው። የባትሪው ክዳን ከጠፋ፣ ክብደት ሲበዛ ሞላው ወደ ታች ወርዶ የባትሪውን ራስ ይነካል። በዚያ መካከል ምንም ፊውዝ ስለሌለ ሞላው እንደ ምድጃ ሽቦ ይግላል፤ ጭረቱም ይጨሳል። የአጎታችን ባትሪ ክዳን መቼ እንደጠፋ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም።

ወንበሩ ተነሥቶ ሳለ ሌላም ነገር አየን። ሽቦው የወፍ ጎጆ መስሏል። ባለፉት ዓመታት ያየው ኤሌትሪሲስት ሁሉ የተበላሸውን ከማውጣት ይልቅ አዲስ ሽቦ እየቀጠለ በናስትሮ ጠቅልሎ ሄዷል። የፊውዝ ሳጥኑን ስንከፍት ከፊውዞቹ ሁለቱ በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ተጠቅልለዋል። አጎታችን በዕድሜያቸው ሲጋራ በእጃቸው ነክተው አያውቁም፤ መኪናቸው ግን ያለ እርሳቸው ዕውቀት የሲጋራ ተጠቃሚ ሆና ኖራለች።

በዚያው ሳምንት መኪናዋን ሊገዛ የመጣ ወጣት ነበር። ቀለሟ ያምራል፤ ሞተሯም በአንድ ቁልፍ ይነሣል። አጎታችን ግን ዋጋ ከመነጋገራቸው በፊት ወንበሩን አንሥተው አሳዩት። «ልጄ፣ ዐይቧ ይኸ ነው። ባለፈው ጁሙዓ ጭሳለች» አሉት። ወጣቱ አመስግኖ ሄደ፤ አልተመለሰም። ቤተሰቡ ቅር አለው፤ ገንዘቡ ለልጅ ትምህርት ታስቦ ነበርና። እርሳቸው ግን «የሰው ልጅ ከሚቃጠል እኔ ጋ ትቁም» ብለው ነገሩን ዘጉት። ስለዚህ የቀረው መንገድ ሽቦውን በሙሉ መለወጥ ሆነ።

እኛ ትምህርት ቤት ስለ ኤሌክትሪክ እናስተምራለን፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍነውን በእጃችን የነካነው ግን ያኔ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. አካባቢ ቮልስ ከ6 ቮልት ወደ 12 ቮልት ተሸጋግራለች። 45 ዋት የሚፈጅ አንድ የፊት መብራት በ6 ቮልት 7.5 አምፔር ሲስብ፣ በ12 ቮልት 3.75 አምፔር ብቻ ይስባል። በአንድ ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው አምፔር እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ለዚህም ነው የድሮዋ 6 ቮልት መኪና ወፍራም ሽቦ የሚያስፈልጋት። በደንብ ያልተያዘ ቅጥያ ሲኖር ደግሞ ያ ሙቀት በሙሉ አንዲት ነጥብ ላይ ይሰበሰባል።

ዛሬ በውጭ አገር ለአሮጌ መኪኖች ሙሉ የሽቦ ጥቅል እየሠሩ የሚሸጡ አሉ። አንዳንዱ የፋብሪካውን ሽቦ በቀለምና በርዝመት ይከተላል። ሌላው ለማንኛውም መኪና እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ ሲሆን የየሽቦው ሥራ በላዩ ላይ ታትሞበታል። እኛ የመጀመሪያውን መረጥን፤ ከአሜሪካ የመጣ ዘመዳችን በሻንጣው ይዞልን መጣ።

የጀርመኖቹ ሥርዓት የሚያስደንቅ ነው። ቡናማው ማሳ ነው፤ ቀዩ በቀጥታ ከባትሪ ይመጣል፤ ጥቁሩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል ያገኛል። ጥቁርና ነጭ የግራ ፍሬቻ፣ ጥቁርና አረንጓዴ የቀኝ ነው። መጋጠሚያዎቹም ቁጥር አላቸው፦ 30 ባትሪ፣ 15 ቁልፍ፣ 31 ማሳ፣ 50 ሞተሪኖ። ይህን ያወቀ ሰው መገመት አያስፈልገውም።

ሥራውን የጀመርነው የባትሪውን ነጌቲቭ ፈትተን ነው። ከዚያ እያንዳንዱን ጫፍ ፎቶ አንሥተን ወረቀት ለጠፍንበት። አሮጌውን ሽቦ ከመሳባችን በፊት ጫፉ ላይ ጠንካራ ሲባጎ አሰርን፤ ሽቦው ሲወጣ ሲባጎው በቦታው ይቀራል፣ አዲሱም በእርሱ ተስቦ ይገባል። ይህን ያልሠራ ሰው በጠባቡ የግራ መተላለፊያ ሽቦ ለማስገባት ቀኑን ሙሉ ሲታገል ይውላል። ማሳ የሚታሰርበትን ቦታ ሁሉ ብረቱ እስኪታይ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግን። እንደ እውነቱ ከሆነ «መብራቱ ደከመ» ከሚባለው ብዙው የዛገ ማሳ ነው።

ባትሪውን ወዲያው አላገናኘንም። በነጌቲቩና በማሳው ካቦ መካከል አንዲት ትንሽ አምፖል አስገባን። ሁሉም ነገር ጠፍቶ ሳለ አምፖሏ ከበራች የሆነ ቦታ ኤሌክትሪክ እያመለጠ ነው ማለት ነው። በራች! ልባችን ደነገጠ፤ የሦስት ቅዳሜ ሥራችን ከንቱ የሆነ መሰለን። ለካስ ከልጆቹ አንዱ በሩን ክፍት ትቶት የውስጡ መብራት ኖሯል የሚስበው። በሩ ሲዘጋ አምፖሏ ጠፋች።

አዲስ ፊውዞች ገብተዋል፤ ነጮቹ 8፣ ቀዮቹ 16 አምፔር ናቸው። ባትሪው በቀበቶ ታስሮ ከላዩ ወፍራም የፕላስቲክ ክዳን ለብሷል፤ ከኋላም የሚቀመጡት ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው። የፊት መብራቱና ፍሬቻው ደህና ነው። ክላክሱ ግን እስከ አሁን አልጮኸም። በመሪው ዘንግ መጋጠሚያ ጎማ ላይ የምትሻገረው አጭር የማሳ ሽቦ ሳትበጠስ አልቀረችም ብለን ጠርጥረናል፤ የፊታችን ቅዳሜ ኢንሻአላህ እናያታለን።