ከመሶብ የወጣ የጌትነት ስም

የእንግሊዝኛ መጻሕፍትን የሚያነብ ተማሪ «ሎርድ» የሚለውን ቃል በሁለት ስፍራ ያገኘዋል፤ በመኳንንት ማዕርግና በእግዚአብሔር ስም። በሁለቱም ሥልጣንን ያሰማልና ከዙፋን ወይም ከጦር ሜዳ የተገኘ ይመስለዋል። የተገኘው ግን ከዳቦ ነው።

በጥንቱ እንግሊዝኛ ዳቦ «ህላፍ» ይባል ነበር፤ ዛሬ «ሎፍ» የሚሉት ይኸው ነው። «ወርድ» ደግሞ ጠባቂ ማለት ነው። ሁለቱ ተጋጥመው «ህላፍወርድ»፣ ማለት ኅብስት ጠባቂ፣ ሆኑ። ቃሉም በሰው አፍ ሲመላለስ ተሸራርፎ «ህላፎርድ»፣ ቀጥሎ «ሎቨርድ»፣ በመጨረሻም «ሎርድ» ሆነ። እንግዲህ ጌታ የተባለው የቤቱን እህል ጠብቆ ለቤተ ሰቡ የሚያድለው ሰው ነበር። በእርሱ ሥር የሚያድረውም «ህላፍኤታ»፣ ኅብስት በላተኛ፣ ይባል ነበር። የኬንት ንጉሥ ኤተልበርት በ600 ገደማ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ባወጣው ሕግ፣ የባላገርን ኅብስት በላተኛ የገደለ ሰው 6 ሽልንግ ካሣ እንዲከፍል ታዟል።

«ሌዲ»ም የዚያው ቤት ናት። የጥንት ስሟ «ህላፍዲየ» ሲሆን ሁለተኛው ክፍል ብቻውን ቆሞ አይገኝም፤ ነገር ግን ሊጥ ከሚለው ቃላቸው ጋር ስለሚዛመድ ሊቃውንቱ «ኅብስት አቡኪ» ብለው ይተረጕሙታል። እኛ እመቤት ስንል የቤት እናት ማለታችን ነው፤ እነርሱ ግን ወደ ቡሖው ዕቃ ተመለከቱ።

ከዚህም የሚያስደንቅ አለ። የጥንት እንግሊዞች ቅዱሳት መጻሕፍትን ሲተረጕሙ እግዚአብሔርን ብዙውን ጊዜ «ድሪህተን» ይሉት ነበር፤ ሥሩም የጭፍራ አለቃ ማለት ነው። «ህላፎርድ»ን የሚያውሉት ይልቁን ለሰው ጌታ ነበር። ዘመን ሲያልፍ ግን የጦር አለቃው ስም ከቋንቋው ፈጽሞ ጠፋ፤ የኅብስት ጠባቂው ስም ወደ መለኮት ከፍ አለ። በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስም በዚህ ስም የተሞላ ነው። የዕለት እንጀራ የሚለመንበትን ጸሎት እንኳ «የሎርድ ጸሎት» ይሉታል፤ የኅብስት ጠባቂው ጸሎት ማለታቸው እንደ ሆነ ግን ከመካከላቸው የሚያስተውለው ጥቂት ነው።

«ሌዲ»ም እንዲሁ ለእመቤታችን ተሰጠች። ማርች 25 የሚውለውን የብሥራት በዓል «ሌዲ ዴይ» ይሉታል። የአገናዛቢነት ምልክት የሆነችው «ስ» ለምን ቀረች ብሎ ተማሪ ቢጠይቅ፣ ጥንት ይህን የመሰለ የሴት ስም በ«ስ» አይናበብም ነበርና ነው። እንግሊዞች የቀን አቆጣጠራቸውን በ1752 እስኪለውጡ ድረስ ያ በዓል ይውል የነበረው ከእኛ መጋቢት 29 ጋር በአንድ ቀን ነበር።