ከአንዲት ነጭ ወረቀት የሚወለዱ ምስሎች

ፎቶግራፍ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው የሰውን መልክ፣ ተራራን ወይም ሕንፃን ነው። የተነሣው ነገር ምንነት ትኩረት ሳይሰጠው ብርሃንና ጥላ፣ መስመርና ቅርጽ ብቻ የሚናገሩበት ምስል ግን ረቂቅ ፎቶግራፍ ይባላል።

አሜሪካዊው ፖል ስትራንድ እ.ኤ.አ. በ1916 በኮኔክቲከት ግዛት፣ ትዊን ሌክስ በተባለ ስፍራ፣ የወጥ ቤት ጎድጓዳ ሳህኖችንና የበረንዳ ጥላዎችን በቅርበት አነሣ። በሳን ፍራንሲስኮ ተወልዶ በ1928 ወደ ለንደን የተዛወረው ፍራንሲስ ብሩጊዬር ደግሞ በ1920ዎቹ የተቆረጠና የታጠፈ ወረቀትን በመብራት እያበራ ተመሳሳይ ምስሎችን ሠርቷል። ሁለቱም ከካሜራቸው ፊት ያስቀመጡት ከማንኛውም ቤት የሚገኝ ነገር ነበር።

አንድ ወረቀት፣ ብዙ ግራጫ

ወረቀቱ ሁሉ ነጭ ሆኖ ሳለ ግራጫውና ጥቁሩ ከየት መጡ? መልሱ በማዕዘን ላይ ይገኛል። ፊት ለፊት ለብርሃን የተጋለጠ ገጽ ከፍተኛውን ብርሃን ይቀበላል። 60 ዲግሪ ብናዘነብለው በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር የሚያርፈው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል፤ 90 ዲግሪ ሲሞላ ከአምፖሉ በቀጥታ የሚደርሰው የለም። እንግዲህ የታጠፈ ወረቀት የኮሳይን ሠንጠረዥ ነው ለማለት ይቻላል።

ፊልሙ ይህን ልዩነት የሚመዘግበው በጄላቲን ውስጥ በተበተኑ የሲልቨር ሃላይድ ክሪስታሎች ነው። ብርሃን ባገኘ ክሪስታል ላይ ለዓይን የማይታዩ ጥቂት የብር አተሞች ይፈጠራሉ። የፊልም ማጠቢያው ኬሚካል እንዲህ ያለውን ክሪስታል ወደ ጥቁር ብር ይለውጠዋል፤ ሶዲየም ታዮሰልፌት ደግሞ የቀረውን አሟሙቶ ያስወግዳል። ብርሃን የበዛበት ቦታ ስለሚጠቁር ኔጌቲቩ የተገለበጠ ነው፤ በወረቀት ሲታተም ይቃናል።

እስቲ እንሞክረው

የሚያስፈልጉን ነጭ ወረቀት፣ መቀስ፣ ጥቁር ጨርቅ፣ አንድ አምፖልና ባለ ፊልም ካሜራ ናቸው። ወረቀቱን ቆራርጠንና አጣጥፈን በጨርቁ ፊት እናቆማለን። መስኮቱን ሸፍነን አምፖሉን በጎን በኩል እናበራለን። ካሜራው እንዳይነቃነቅ በመጻሕፍት ክምር ላይ ይቀመጥ።

አምፖሉ በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሳለ ሩብ ሴኮንድ ከበቃ፣ ወደ 1 ሜትር ሲርቅ አንድ ሴኮንድ ያህል ያስፈልጋል፤ ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳልና። በዚያው መጠን የጥላው ጠርዝ እየጠራ ይሄዳል። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ስለሚገምት፣ ወደ ነጩ ወረቀት አቅርበን ካነበብን ከሚያመለክተው ከሁለት እስከ አራት እጥፍ ብርሃን መስጠት ይገባል።

ፊልም ውጤቱን ወዲያው አያሳይም፤ አንድ ጥቅልም ቢበዛ 36 ያህል ምስሎች ብቻ ይይዛል። ስለዚህ ከማንሣታችን በፊት ርቀቱን፣ ጊዜውንና የትኛው ገጽ ነጭ፣ የትኛው ጥቁር እንደሚሆን በማስታወሻ ደብተር እንጻፍ። ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ ከግምታችን የተለየ ምስል ካገኘን ያልቆጠርነው ብርሃን፣ ምናልባትም ከግድግዳው የተንጸባረቀ፣ ነበረ ማለት ነው። ያንን ምንጭ ፈልጎ ማግኘት ቀጣዩ ሙከራችን ይሆናል።