ወደ እኛ አቅጣጫ የሚሸሽ አየር ማረፊያ

(ድምፅ፦ የባጃጅ ሞተር፣ የመንገድ ጫጫታ፤ ከሩቅ የቅዱስ ገብርኤል ደወል። ቀስ በቀስ ይደበዝዛል።)

ተራኪ፦ ሐዋሳ፣ መሃል ከተማ። ከፒያሳ ተነስቶ አዲስ አበባ ለመግባት ሁለት አማራጭ አለ። አንዱ በሻሸመኔ፣ በባቱና በሞጆ አድርጎ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና መጓዝ ነው። ሌላው ከሐይቁ ሰሜን ምዕራብ ወዳለው አየር ማረፊያ ሄዶ፣ አንድ ሰዓት በማይሞላ በረራ ቦሌ ላይ መውረድ።

ሁለተኛው አማራጭ የቅርብ ጊዜ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሐዋሳ መደበኛ በረራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። ሁለቱ በአንድ ዓመት መግጠማቸው አያስገርምም፤ ልብስ ሊያሰፋ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ገዢ ግማሽ ቀን መኪና ውስጥ መቀመጥ አይወድም። ኢትዮጵያ አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል በታገደችበት ወቅት ፓርኩ ትልቅ ገዢውን አጥቷል፤ በረራው ግን ቀጥሏል።

ወደ ዱባይም ሆነ ወደ ዋሽንግተን ለሚሄድ የሐዋሳ ሰው መንገዱ በቦሌ በኩል ነው። ስለዚህ ቦሌ ላይ የሚሆነው ሁሉ እኛንም ይመለከታል። የዛሬው ፕሮግራማችን የመዲናዋን አየር ማረፊያ ታሪክ ከዚህ ከሐዋሳ ሆኖ ይመለከታል።

(ሙዚቃ፦ አጭር መሸጋገሪያ)

ተራኪ፦ አዲስ አበባ የመጀመሪያዋን አውሮፕላን ያየችው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው። ፖቴዝ የተባለች የፈረንሳይ ሥሪት ነበረች። አየር መንገዱ የተቋቋመው ግን ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቲ ደብሊው ኤ ከተባለው የአሜሪካ ድርጅት ጋር በመተባበር ነው። በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያው በረራ በአስመራ በኩል ካይሮ ደረሰ። አውሮፕላኖቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ሲ-47 ነበሩ።

የሚነሱትና የሚያርፉት ልደታ ነበር። ያ ሠፈር ዛሬም ኦልድ ኤርፖርት ይባላል።

ልደታን ያስለቀቀው ጄት ነው። አየር መንገዱ ቦይንግ 720 ሲገዛ የልደታ ማኮብኮቢያ አልበቃም አለ። አዲስ ማኮብኮቢያ በከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ፣ ያኔ ሜዳና እርሻ በነበረው ቦሌ ተዘረጋ፤ በታኅሣሥ 1955 ዓ.ም. ማኮብኮቢያውም የመቆጣጠሪያ ማማውም ሥራ ጀመሩ። ስሙም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ ተባለ። ከከተማ ወጣ ይበል የተባለው ጣቢያ ግን ብዙም ብቻውን አልቆየም፤ ቤቱ፣ ሆቴሉ፣ ፎቁ ተከትሎት ሄዶ ከበበው።

(ድምፅ፦ ለመነሳት የሚያኮበኩብ ጄት)

ተራኪ፦ ይህን ድምፅ ልብ በሉ። ቦሌ ላይ አውሮፕላን ከመሬት ለመላቀቅ ረጅም ይሮጣል። ምክንያቱ ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያልፋል። እዚያ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ክንፉን ደግፎ የሚያነሳውም፣ ሞተሩ ውስጥ የሚገባውም አየር ያንሳል። ስለዚህ ማኮብኮቢያው መርዘም፣ ጭነቱ ወይም ነዳጁ ደግሞ መቀነስ አለበት።

አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ሳያውቀው ኖሮበታል። ከዋሽንግተን የሚነሳው አውሮፕላን ሳያርፍ በቀጥታ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ከአዲስ አበባ የሚሄደው ግን መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ የሚቀዳው ለዚህ ነው። ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ተሳፋሪ ይዞ ከቦሌ መነሳት ይከብደዋል። ቦሌን የሚያስቸግረው የቦታ ጥበት ብቻ ነው ብለን ለምናስብ ይህ ትልቅ እርማት ነው።

ሕንፃውማ እየሰፋ ነው የመጣው። በጥር 1995 ዓ.ም. ሁለተኛው ተርሚናል ተከፈተ። ጥር 19 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ በ363 ሚሊዮን ዶላር፣ በቻይና ብድር የተካሄደው ማስፋፊያ ተመረቀ፤ የዓመት አቅሙ ወደ 22 ሚሊዮን መንገደኛ አደገ። ከእነዚህ መንገደኞች ብዙዎቹ ከአንድ አውሮፕላን ወርደው ሌላ የሚሳፈሩ፣ አዲስ አበባን በመስኮት ብቻ የሚያዩ ናቸው። ተርሚናል ማስፋት ይቻላል፤ ከፍታ መቀነስ ግን አይቻልም።

(ሙዚቃ)

ተራኪ፦ መልሱ አየር ማረፊያውን እንደገና ማዛወር ሆነ። ቢሾፍቱ አጠገብ፣ አቡሴራ። ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል፤ ከቦሌ ደግሞ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ መሬት። በጥር 2018 ዓ.ም. የግንባታው ሥራ በይፋ ተጀመረ። ወጪው 12.5 ቢሊዮን ዶላር ተብሏል። አራት ማኮብኮቢያ፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ 60 ሚሊዮን፣ ሲጠናቀቅ 110 ሚሊዮን መንገደኛ። ንድፉ የዛሃ ሃዲድ አርክቴክትስ ነው። መሬቱ ግን ባዶ አልነበረም፤ ጤፍና ምስር ሲያበቅል የኖረ የገበሬ መሬት ነው፤ ነዋሪዎቹ ተነስተው ሌላ ቦታ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። የፕሮጀክቱ ስኬት በእነሱ ኑሮም መለካት ይኖርበታል ብለን እናምናለን።

አሁን ወደ ሐዋሳ እንመለስ። ልደታ፣ ቦሌ፣ አቡሴራ፦ አየር ማረፊያው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ወደ እኛ አቅጣጫ ነው የሸሸው። ከሐዋሳ በመኪና የሚሄድ ሰው ቢሾፍቱን የሚያገኘው አዲስ አበባ ከመድረሱ በፊት ነው። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የተጀመረው 202 ኪሎ ሜትር የፍጥነት መንገድ ሲያልቅ፣ ወደ ውጭ የሚሄድ የሲዳማ መንገደኛ አዲስ አበባን ሳይረግጥ ሊሳፈር ይችላል። ለክልሉ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በአየር ለሚሄደው ግን ነገሩ ይገለበጣል። በታሰበው መሠረት ዓለም አቀፉ በረራ ወደ አቡሴራ ሄዶ የአገር ውስጡ ቦሌ ከቀረ፣ ከሐዋሳ የበረረ መንገደኛ ቢሾፍቱን አልፎ ቦሌ ይወርዳል፤ ከዚያ ሻንጣውን ይዞ በመጣበት አቅጣጫ ይመለሳል። ሁለቱን አየር ማረፊያዎች የሚያገናኝ ፈጣን ባቡር በዕቅዱ ውስጥ አለ። ባቡሩ ከአየር ማረፊያው ጋር እኩል ካልደረሰ፣ ለሐዋሳ ሰው የሚያዋጣው አውሮፕላኑን ትቶ በሌሊት ከመናኸሪያ መነሳት ይሆናል።

(ድምፅ፦ «ሻሸመኔ! ሞጆ! አዲስ አበባ!» የሚል ረዳት፤ የመዝጊያ ሙዚቃ)